የኤሌክትሪክ ጊታር ጩኸት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጊታር ከሚማሩ፣ ቤተ ክርስቲያን ከሚያገለግሉና ባንድ ውስጥ ከሚጫወቱ ልጆች ሁሌም የሚመጡልኝን ጥያቄዎች ከቀላሉ ጀምሬ መልሻለሁ።

ጊታሬን ሰክቼ ምንም ሳልጫወት ለምን ይጮሃል?

ፒክአፕ ማለት ማግኔት ላይ በሺዎች ዙር የተጠመጠመ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ነው። የብረት ክር ከላዩ ሲርገበገብ ሽቦው ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ያ ነው ወደ አምፑ፣ ማለትም ወደ ድምፅ ማጉያው፣ የሚሄደው። ችግሩ ሽቦው የክሩን ንዝረት ብቻ መርጦ አይሰማም። ግድግዳ ውስጥ ያለው የመብራት መስመር፣ የአምፑ ትራንስፎርመር፣ ኮርኒሱ ላይ ያለው አምፖል የሚረጩትን ሁሉ እንደ አንቴና ይቀበላል። አምፑ ደግሞ የመጣለትን ሁሉ ሳይለይ ያጎላል።

ስለዚህ ትንሽ ጩኸት ጤነኛ ጊታር ላይም አለ። ሙሉ ጸጥታ አትጠብቁ። ትዝታ ቀስ ብሎ ሲገባ ግን፣ ከመጀመሪያው ኖታ በፊት ሰው ጆሮ የሚደርሰው ጩኸቱ ከሆነ፣ መታየት አለበት።

ሀም እና በዝ የሚባሉት አንድ ናቸው?

አይደሉም። መለየት ከቻላችሁ ግማሹን ሥራ ጨርሳችኋል። ሀም ወፈር ያለ "እምምም" ነው። የኢትዮጵያ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ሀሙ የሚሰማው 50 እና 100 ኸርዝ ላይ ነው። ወፍራሙን ስድስተኛ ክር ሦስተኛው ፍሬት ላይ ይዛችሁ ምቱት። ይህ የጂ ኖታ 98 ኸርዝ ነው። ከአምፑ የሚወጣው ድምፅ ከእሱ ጋር ሊገጥም ምንም ካልቀረው፣ የያዛችሁት ሀም ነው። አሜሪካ ያላችሁ መብራታችሁ 60 ኸርዝ ነው። ሀሙም 120 ላይ፣ ማለትም አምስተኛው ክር ሁለተኛ ፍሬት ላይ ካለው ቢ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይሰማል።

በዝ ደግሞ ቀጠን ያለ፣ ጆሮ የሚወጋ "ዝዝዝ" ነው። ሀም አብዛኛውን ጊዜ ከትራንስፎርመር ወይም ከግራውንድ (የሲግናሉ መመለሻ ከሆነው ሽቦ) ችግር ይመጣል። በዝ ከአምፖል፣ ከቻርጀርና በደንብ ካልተሸፈነ ሽቦ ይመጣል። አንዱ የሚድንበት መድኃኒት ለሌላው አይሠራም። ብዙ ሰው ብሩን የሚያባክነው እዚህ ጋ ነው።

ችግሩ ጊታሩ ላይ ነው፣ ኬብሉ ላይ ነው ወይስ አምፑ ላይ? በምን ልለይ?

ይህችን ጥያቄ ሳትመልሱ ምንም ነገር እንዳትገዙ። አደራ። ሙከራው አሥር ደቂቃ አይፈጅም፣ ገንዘብም አይጠይቅም።

መጀመሪያ ኬብሉን ከአምፑ ንቀሉና አምፑን ብቻውን አብሩት። እንደዚያም ሆኖ የሚጮህ ከሆነ ጊታራችሁ ንጹሕ ነው። ችግሩ አምፑ ወይም መብራቱ ላይ ነው። ዝም ካለ ጊታሩን በቀጥታ፣ ያለ ምንም ፔዳል (በእግር የሚረገጥ ድምፅ መቀየሪያ)፣ ሰኩት። የጊታሩን ቮልዩም ዜሮ አድርጉ። አሁንም ከጮኸ ኬብሉን፣ የጊታሩን ጃክ (ኬብሉ የሚሰካበትን ቀዳዳ) ወይም የግራውንድ ሽቦውን ጠርጥሩ። ዜሮ ላይ ጸጥ ብሎ ቮልዩም ስትጨምሩ የሚመጣ ከሆነ ጩኸቱ የሚገባው በፒክአፑ ወይም በውስጡ ሽቦዎች በኩል ነው። በመጨረሻ ፔዳሎቹን አንድ በአንድ መልሱ። ጩኸቱ የተመለሰበት ፔዳል ጥፋተኛው ነው። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ኬብሉን አምፑ ላይ ሰክታችሁ ሌላውን ጫፍ ባዶውን ብትተዉት ይጮሃል። ያ ብልሽት አይደለም።

አንድ ልጅ ሦስት አዲስ ኬብል ከገዛ በኋላ ጊታሩን ይዞልኝ መጣ። ጃኩን በጣቴ ስይዘው ዞረ። ዳዶው ላልቶ ነበር። ጃኩ በተሰካና በተነቀለ ቁጥር አብሮ ሲዞር ውስጥ ያለው የግራውንድ ሽቦ ተጠምዝዞ አንድ ዘለላ ብቻ ቀርቶታል። ሽቦውን በየድነው፣ ዳዶውን አጠበቅነው፣ አለቀ። ከዚያ ወዲህ የማንንም ጊታር ስቀበል መጀመሪያ የምነካው ጃኩን ነው።

ክሩን ስነካው ጩኸቱ ይቀንሳል። ጊታሬ ተበላሽቷል ማለት ነው?

አልተበላሸም፣ ጤነኛ ነው። ሰውነታችሁ ራሱ በዙሪያው ያለውን የመብራት ጩኸት ሰብስቦ ደረታችሁ ላይ ወዳለው ጊታር ያቀብላል። ክሮቹ በብሪጁ (ክሮቹ በሚያርፉበት ብረት) በኩል ከግራውንድ ጋር የተያያዙት ለዚህ ነው። ስትነኳቸው እናንተም ከግራውንድ ጋር ትገናኛላችሁና ማቀበሉን ታቆማላችሁ። እጃችሁን ስታነሱ በጣም የሚጮህ ከሆነ ግን የጊታሩ ውስጥ መሸፈን እንዳለበት እየነገራችሁ ነው። ስለ መሸፈኑ ወደ ታች ጽፌያለሁ።

ክሩን ስነካው ጭራሽ ከባሰስ?

ይህ ብልሽት ነው። ወይ ወደ ብሪጁ የሚሄደው የግራውንድ ሽቦ ተበጥሷል፣ ወይ ጃኩ ላይ ሁለቱ ሽቦዎች ተገላብጠው ተበይደዋል። ጃኩ በቅርቡ ተቀይሮ ከሆነ ሁለተኛውን አስቀድማችሁ ጠርጥሩ።

መልቲሜትር ካላችሁ ኬብሉን ከአምፑ ንቀሉና መልቲሜትሩን ኦም ላይ አድርጉት። ኬብሉ ጊታሩ ላይ እንደተሰካ፣ የመልቲሜትሩን አንዱን ጫፍ ከአምፑ በነቀላችሁት የኬብሉ ጫፍ ውጫዊ ብረት ላይ፣ ሌላውን ብሪጁ ላይ አስነኩ። ወደ ዜሮ የቀረበ ቁጥር ማሳየት አለበት። ካላሳየ ሽቦውን ተከታተሉት። ስትራቶካስተር በሚባለው የጊታር ዓይነት ላይ ከኋላ ያሉት ሞላዎች የተያዙበት ብረት ላይ ተበይዶ ታገኙታላችሁ። ቴሌካስተር ላይ ከብሪጁ ሥር ይገባል። አንዳንዴ ሽቦው ደህና ሆኖ ብረቱ ላይ ያለው ቀለም ወይም ዝገት ያግደዋል። በአሸዋ ወረቀት ትንሽ መፋቅ ይበቃል።

ቆሜ ስዞር ወይም ቦታ ስቀይር ጩኸቱ ለምን ይለዋወጣል?

ፒክአፑ ወደ ምንጩ ፊቱን ሲሰጥ አብዝቶ፣ ጎኑን ሲሰጥ አሳንሶ ስለሚቀበል ነው። ይህን ተጠቀሙበት። ጊታሩን ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ አንድ ዙር ዙሩ። ጩኸቱ የሚሞትበት አቅጣጫ አለ። ከአምፑም ቢያንስ ሁለት ሜትር ራቁ። ትራንስፎርመሩ ዋናው የሀም ምንጭ ነውና አጠገቡ ተቀምጦ ከሀም ማምለጥ አይቻልም።

ከዚያ የቤቱን ዕቃ አንድ በአንድ አጥፉ። ርካሽ ኤልኢዲ አምፖል፣ የድሮው ረጅም ፍሎረሰንት፣ የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀር፣ ሁሉም ይረጫሉ። ከሁሉም የሚብሰው መብራት የሚያደበዝዝ ዲመር ነው። አንድ ሰርግ ላይ ሙሉ ከሰዓት በኬብል ስንታገል ውለን፣ አንዱ የአዳራሹን መብራት እስከ መጨረሻው ሲያበራው ጩኸቱ ቀጥ አለ። ዲመሩ ግማሽ ላይ ስለነበር ነው የሚጮኸው። ስልካችሁንም ከኪሳችሁ አውጡ። በየመሐሉ "ትት-ትት-ትት" የሚለው እሱ ነው።

ውድ ኬብል ብገዛ ይጠፋል?

የተበላሸ ኬብል ከነበራችሁ፣ አዎ። ደህና ኬብል ከነበራችሁ ምንም አይለወጥም። የጊታር ኬብል መሐሉ ላይ ሲግናል የሚሸከም ሽቦ፣ ዙሪያውን ደግሞ እንደ ጥልፍ የሚከበው የሽቦ ሽፋን አለው። ዋናው ያ ሽፋን ነው። ለስፒከር የተሠራ ኬብል ይህ ሽፋን የለውም። ጫፉ አንድ ስለሚመስል ሰው ይሳሳትና ለጊታር ይሰካዋል፣ ከዚያ እንደ ራዲዮ ይጮህበታል። ኬብሉን ጫፉ አጠገብ እጠፍ ዘርጋ ስታደርጉት የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ብየዳው ለቋል። አጠር ያለ ኬብልም ይሻላል። ክፍል ውስጥ ለመለማመድ ሦስት ሜትር ይበቃል።

ሀምባከር ፒክአፕ ባስገባ ይሻላል?

ሀሙ ከፒክአፑ የሚገባ ከሆነ ከዚህ የበለጠ መፍትሔ የለም። ሀምባከርን ጊብሰን የጊታር ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ የነበረው ኢንጂነር ሴዝ ላቨር እ.ኤ.አ. በ1955 ለፓተንት አቀረበው፣ በ1957 ጊታሮች ላይ መግባት ጀመረ። ሐሳቡ ግሩም ነው። ሁለት መጠምጠሚያ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። የአንዱ ሽቦም ማግኔትም የሌላው ግልባጭ ነው። የክሩ ድምፅ ሁለት ጊዜ ስለተገለበጠ ይደመራል። ከውጭ የመጣው ሀም ግን ማግኔት አያውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ ይገለበጥና ሁለቱ እርስ በርስ ይጣፋሉ።

ዋጋው ድምፁ ነው። ነጠላ መጠምጠሚያ ያለው ፒክአፕ ጥርት ያለ፣ ጫፉ ስል የሆነ ድምፅ አለው። ሀምባከር ወፈር፣ ለስለስ ይላል። ያንን ጥርት ያለ ድምፅ ለሚወድ ሰው ጊታሩን እንዲቀይር አልመክርም። በነጠላው መጠን ተሠርተው ሀም የሚያጠፉ ፒክአፖችም ስላሉ እነሱን መሞከር ይቻላል።

ስትራቶካስተሬ የፒክአፕ መምረጫው ሁለተኛና አራተኛ ቦታ ላይ ሲሆን ጸጥ ይላል። ሌሎቹ ላይ ለምን አይሆንም?

ብዙዎቹ የዛሬ ስትራቶች መሐለኛው ፒክአፕ ከሁለቱ ተገልብጦ የተጠመጠመ ነው። ሁለተኛና አራተኛ ቦታ ላይ ሁለት ፒክአፕ አብረው ስለሚሠሩ እንደ ሀምባከር ሀሙን ያጣፋሉ። አንደኛ፣ ሦስተኛና አምስተኛ ላይ አንዱ ብቻውን ነው፣ ስለዚህ ይጮሃል። ብልሽት የለበትም። ጸጥ ያለ መግቢያ ካላችሁ በአራተኛው ቦታ ጀምሩና ባንዱ ሲገባ ወደምትፈልጉት ቀይሩ።

ውስጡን በፎይል መሸፈን ይሠራል? በወጥ ቤት ፎይልስ?

ለበዝ ይሠራል። ለሀም እምብዛም አይሠራም። ይህን ሳያውቁ ሙሉ ቀን ለፍተው የሚያዝኑ ብዙ ናቸው። ስስ ብረት ከአምፖልና ከግድግዳ ሽቦ የሚመጣውን በዝ ያግዳል። የትራንስፎርመር ማግኔታዊ ሀም ግን ሰንጥቆት ያልፋል።

የሚሻለው ጀርባው ሙጫ ያለው የመዳብ ቴፕ ነው። ክሮቹን ፍቱ፣ የፊቱን ፕላስቲክ በካቻቢቴ አውጡ። ሽቦዎቹን ከመንቀላችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱ። የተቦረቦረውን እንጨት ወለሉንና ግድግዳውን በቴፑ አልብሱ። የፕላስቲኩን ጀርባም እንዲሁ። ቴፑ እንጨቱ ጠርዝ ላይ ትንሽ ወጣ ብሎ ይታጠፍ፣ ፕላስቲኩ ሲዘጋ ሁለቱ እንዲነካኩ። ቴፕና ቴፕ የተደራረበበት ቦታ ላይ ጠብታ ጠብታ ብየዳ አድርጉ፣ ምክንያቱም የአንዳንዱ ቴፕ ሙጫ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ከዚያ ከአንድ ነጥብ ወደ ግራውንድ አያይዙት። ግራውንድ ያልተደረገ ቴፕ ጌጥ ነው፣ ምንም አያግድም። ሲግናል የሚሸከም ባዶ ጫፍ ቴፑን እንዳይነካም ተጠንቀቁ። ከነካ ጊታሩ ጭራሽ ድምፅ አይኖረውም።

የወጥ ቤት ፎይል መዳብ ለጠፋበት ሰው ያገለግላል። አሉሚኒየም ስለሆነ ግን ብየዳ አይዝም። ሽቦውን በትንሽ ብሎን ፎይሉ ላይ አጣብቁት። ለብየዳው የኤሌክትሮኒክስ ሊድ ተጠቀሙ። ለቧንቧ የሚሆነው አሲድ ያለው ፍላክስ ሽቦውን ቀስ በቀስ ይበላዋል።

ቤታችን ሶኬቱ ኧርዝ የለውም። ጩኸቱ ከዚያ ነው? ሦስተኛውን እግር ብቆርጠውስ?

አዎ፣ ሊሆን ይችላል። ብዙ ቆየት ያሉ ቤቶች ውስጥ ሶኬቱ የኧርዝ ቦታ ኖሮት ከኋላው ሽቦ የለውም። አምፑ ጩኸቱን የሚያፈስበት ስለሌለው መልሶ ወደ ድምፁ ያስገባዋል። ክሩን ስትነኩ ጣታችሁን ነዘር የሚያደርጋችሁም ከዚያ ነው። ነዘር ካደረጋችሁ ጊታሩን አስቀምጡ፣ አምፑን ንቀሉ፣ ኤሌክትሪሺያን ጥሩ። "ትንሽ ናት" አትበሉ።

ኧርዙን መቁረጥ፣ በቴፕ መሸፈን ወይም ሁለት እግር ባለው አዳፕተር መዝለል ፈጽሞ አይሞከርም። አንዳንዴ ሀሙ ስለሚጠፋ ምክሩ ከመድረክ መድረክ ይዞራል። ግን ያ ሽቦ አምፑ ውስጥ አንድ ነገር ሲቃጠል 220 ቮልቱ በእናንተ ሳይሆን በእሱ እንዲሄድ የተቀመጠ ነው። እናንተ ደግሞ በአንድ እጅ ክር ይዛችሁ ከንፈራችሁን ማይክ ላይ ታደርጋላችሁ። የስቶን ዘ ክሮውስ ጊታሪስት ሌስ ሃርቪ እ.ኤ.አ. በ1972 ዌልስ ውስጥ ስዋንሲ ከተማ መድረክ ላይ ማይክ ሲነካ ኤሌክትሪክ ይዞት ሞቷል። ለቤት ኧርዝ ማስቀበር አዲስ ፔዳል ከመግዛት ይቅደም።

በጄኔሬተር ወይም በኢንቨርተር ስንጫወት ለምን ይብሳል?

ርካሽ ኢንቨርተሮች የሚያወጡት መብራት ሞገዱ ለስላሳ አይደለም፣ እንደ ደረጃ የተቆራረጠ ነው። እያንዳንዱ ደረጃ በዝ ይሆናል። ስትገዙ "ፒዩር ሳይን" የሚል ምረጡ። ትንንሽ ጄኔሬተሮች ደግሞ ብዙ ጊዜ ያለ ኧርዝ ነው የሚቆሙት። መብራት በሚጠፋበት ሰሞን ለልምምድ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ አምፕ እመርጣለሁ። ለምርመራም ይጠቅማል፦ በባትሪው አምፕ ጊታሩ ጸጥ ካለ ጥፋቱ የመብራቱ ወይም የዋናው አምፕ ነው።

ዘመድ ከአሜሪካ አምፕ ላከልኝ። በትራንስፎርመር ስጠቀምበት ይጮሃል፣ ምን ላድርግ?

220ን ወደ 110 የሚቀንሱት ብዙዎቹ ርካሽ ትራንስፎርመሮች ሁለት እግር ብቻ ስላላቸው የአምፑ ኧርዝ እዚያ ላይ ይቆረጣል። ኧርዝ የሚያሳልፍ፣ ሦስት እግር ያለው ፈልጉ፣ ከአምፑ ዋትም ሰፋ ያለ ይሁን። ትራንስፎርመሩን ከጊታሩና ከፔዳሎቹ አርቃችሁ አስቀምጡት፣ ራሱ ሀም ይረጫል። ቮልት ቢቀንስም 50 ኸርዙን ወደ 60 አይለውጥም። ለ60 ብቻ የተሠራ አምፕ እዚህ ይበልጥ ይሞቃልና ከኋላው የተጻፈውን አንብቡ።

አምፑ ብቻውን፣ ጊታር ሳይሰካ፣ ይጮሃል። ልክፈተው?

አትክፈቱት። የቱቦ አምፕ ከሆነ በተለይ። ውስጡ ያሉት ትልልቅ ካፓሲተሮች ከተነቀለ በኋላም በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይዘው ይቆያሉ። ሀሙ ከጊዜ ወደ ጊዜ እየጨመረ የመጣ ከሆነ እነዚያ ካፓሲተሮች አርጅተው ይሆናል። መቀየራቸው ለሚያውቅ ባለሙያ ከባድ አይደለም።

ጊታሩን ከላፕቶፕ ወይም ከሚክሰር ጋር ሳገናኝ ብቻ ነው የሚጮኸው። ለምን?

ግራውንድ ሉፕ ነው። ሁለት ዕቃ በሁለት መንገድ ከግራውንድ ጋር ሲገናኝ፣ አንዱ በመብራት ገመዱ፣ ሌላው በድምፅ ኬብሉ፣ ክብ ይሠራል። በዚያ ክብ ውስጥ የሚዞረው ሀም ይሆናል። መጀመሪያ የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉና በባትሪ ሞክሩ። ብዙ ጊዜ በዚያው ያልቃል። ቀጥሎ ሁሉንም ዕቃ ከአንድ ሶኬት፣ በአንድ ዲቫይደር ላይ ሰኩ።

ሚክሰር ላይ ዲአይ ቦክስ (የጊታሩን ሲግናል ለሚክሰር የሚያመቻች ትንሽ ሳጥን) አስገቡ። "ግራውንድ ሊፍት" የሚል ቁልፍ አለው። እሱን መጫን አያሰጋም፣ ምክንያቱም የሚቆርጠው የድምፅ ኬብሉን ግራውንድ እንጂ የመብራቱን ኧርዝ አይደለም።

ዲስቶርሽን ስረግጥ ጩኸቱ ይገነፍላል። ኖይዝ ጌት ልግዛ?

ዲስቶርሽን ትንሹን ድምፅ ሁሉ ስለሚያሳድግ ጩኸቱንም አብሮ ያሳድገዋል። ከጌቱ በፊት ጌይኑን (የማጉላት መጠኑን) ቀንሱ። ከምታስቡት በታች በሆነ ጌይን ባንድ ውስጥ የተሻለ ትሰማላችሁ። ብዙ ፔዳል በአንድ አዳፕተር በሰንሰለት የሚመገብ ከሆነ ዲጂታሉ ፔዳል ለሌሎቹ ፉጨት ያቀብላል። አንዱን በ9 ቮልት ባትሪ አድርጋችሁ ሞክሩ። ፉጨቱ ከጠፋ እያንዳንዱን ለየብቻ የሚመግብ ፓወር ሰፕላይ ያስፈልጋችኋል።

ጌት በምትጫወቱበት ሰዓት ጩኸቱን አያጠፋም። ስታቆሙ ብቻ በሩን ይዘጋል። ለሮክ ይሆናል። ለትዝታ፣ ለአምባሰል ግን ተጠንቀቁ። ኖታው እየሟሸሸ የሚሄድበትን ጅራቱን በመሐል ይቆርጠዋል። የዜማው ውበት ደግሞ እዚያ ጅራት ላይ ነው።

ክራሬ ላይ ፒክአፕ ለጥፌ ይጮሃል። መፍትሔው አንድ ነው?

ግማሹ ብቻ። ክራር ላይ የሚለጠፈው ክብ ቁራጭ ፒየዞ፣ ማለትም ንዝረትን ራሱ ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር፣ ነው። ማግኔት የለውም፣ ስለዚህ የትራንስፎርመር ሀም ብዙ አያስቸግረውም። ግን ሲግናሉ ደካማ ስለሆነ በዝ በቀላሉ ይገባበታል። ከፒየዞው እስከ ጃኩ ያሉት ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ሽፋን የላቸውም። አሳጥሯቸው፣ ወይም ሽፋን ባለው ስስ ኬብል ቀይሯቸው። የፒየዞውን ጀርባ በቴፕ ከልላችሁ በላዩ ላይ ግራውንድ የተደረገ ፎይል አልብሱት። ክሩ ናይለን ወይም ጅማት ከሆነ ኤሌክትሪክ ስለማያሳልፍ ክሩን መንካት እንደ ጊታሩ አይረዳችሁም።

ዋናው ጥፋት ግን ብዙ ጊዜ ቀጥታ ሚክሰር ላይ መሰካቱ ነው። የሚክሰሩ ተራ መግቢያ ለፒየዞ አይመችም፣ ድምፁን ያሳሳዋል። ያን ለማካካስ ጌይኑ ሲጨመር ጩኸቱ ይወጣል። ለፒየዞ የተሠራ፣ መግቢያው ቢያንስ 1 ሜጋኦም የሆነ ፕሪአምፕ ወይም አክቲቭ ዲአይ በአጭር ኬብል መሐላቸው አስገቡ። ወፍራሙ ክር ወዲያው ይመለሳል፣ ጌይኑንም ዝቅ ማድረግ ትችላላችሁ።